መኪናዬ ስትፈላ፣ እኔም ስፈላ



ባለፈው ወር ከአንድ ለቅሶ ቤት ስወጣ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አምስት ስድስት ሰዎች የአንዲት አሮጌ መኪና ኮፋኖ ከፍተው፣ ከበው ቆመው አገኘኋቸው። የመኪናዋ ባለቤት በዲቪ ከመጣ ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ በየጠዋቱ ውሃ እጨምርባታለሁ፤ እሷ ግን አሁንም ሙቀት ትሠራለች» አለኝ። ከከበቡት አንዱ «ቴርሞስታት ነው፤ አውጥተህ ጣለው» ይላል። ሌላው «የለም፣ የውሃ ፓምፕ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አንድ ጠርሙስ የራዲያተር መድፈኛ ገዝተህ ጨምርበት» ሲል፣ አራተኛው ሁሉንም ንቆ «ሸጠህ ተገላገል!» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እንደምታውቁት እኛ ሰዎች በሁለት ነገር ሐኪም ያልሆነ የለንም፤ በሰው ሆድ ቁርጠትና በሰው መኪና።

እኔ ለጊዜው ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የምለው አጥቼ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በሽታና በዚሁ ዓይነት ምክር፣ መኪናዬንም ሥራዬንም አጥቻለሁ። ከሁለቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ የአንድ ቅን ሰው ስም በአፌ ማጥፋቴ። ያን ዕለት ታሪኩን ለልጁ ስነግረው «ጋሼ፣ ይሄንንማ ይጻፉት» አለኝ። እነሆ ጻፍኩት። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ አንብቡልኝ፤ ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለምና።

ከሥሩ ልጀምር። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ያችን ሁላችንም «ኤንትሬ» የምንላትን ጣሊያን ሠራሽ ፊያት ይዞ ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ጋቢና ውስጥ በአባቴና በረዳቱ መካከል ተጣብቄ ሄጃለሁ። የአፋርን በረሃ አቋርጠን፣ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ገብተን፣ ከዚያ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርገን ደብረ ሲና ስንደርስ ትልቁ ፈተና ይጀምራል፤ የጣርማ በር አቀበት። ረዳቱ በመንገዱ ላይ ያለውን ወንዝና ምንጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥራው ውሃ ነውና። አባቴ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ማለት ሲጀምር ካየ፣ የጫነው ጭነት ለነገ ይፈለግ ለዛሬ ግድ የለውም፤ ጥጉን ይይዝና ያቆማል። የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ ከልክሎ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። «መኪናና በቅሎ ሲያልባቸው ይቆማል። ያላቆመ በእግሩ ይሄዳል» ይል ነበር።

ያኔ ለምን ጣርማ በር ላይ እንደሚፈላ አላውቅም ነበር። አቀበቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሌላም ምክንያት አለው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ መፍላት ይጀምራል። እንግዲህ ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት ቦታ ውሃው እጅግ ቶሎ ይፈላል ማለት ነው። የአባቴ ትዕግሥት ስንፍና ሳይሆን እውቀት ነበር።

የዚያ ሰው ልጅ ምን አደረገ ብትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ ያ የዋሽንግተን ሙቀት እንደ ላብ ሸሚዝ ሰውነት ላይ በሚጣበቅበት በነሐሴ ወር፣ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ቀን ዲሲ መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ማታ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል አጸዳለሁ። ሁለቱን ሥራዎች የምታገናኝልኝ አንዲት ያረጀች የጃፓን መኪና ነበረች። ማታ ሥራ ሁለት ጊዜ አርፍጄ አለቃዬ «ሦስተኛው የመጨረሻህ ነው» ብሎኛል።

መኪናዋ ሙቀት መሥራት ጀመረች። ቀይ መብራት ላይ ስቆም መርፌው ይወጣል፤ ሃይዌይ ገብቼ ስሮጥ ይወርዳል። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «ቴርሞስታት ነው፤ የአሥር ዶላር ዕቃ ነው» አለኝ። እኔም ይህንን ቃል እንደ ሐኪም ማዘዣ ይዤ አንድ ያገራችን ሰው ወዳላቸው ጋራዥ ሄድኩ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

«ቆማ ነው ወይስ ስትሮጥ ነው የምትሞቀው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም፤ ቴርሞስታቱን ብቻ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው።

«አንድ ሰዓት ስጠኝና ልመርምራት። የምርመራው ሠላሳ ዶላር ነው።»

እኔ ሠላሳዋን ዶላር ስሰማ በሆዴ «አሃ! ያገሬ ሰው ሊበላኝ ነው» አልኩ። «የለም፣ ያልኩዎትን ብቻ ያድርጉልኝ» አልኩ። ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ቀየሩልኝ። 45 ዶላር ከፍዬ፣ ሰጥተውኝ የፈረምኩትን ወረቀት ሳላነብ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ ወደ ቨርጂኒያ ስሻገር 14ኛው ጎዳና ድልድይ ላይ መኪና ተጠቅጥቆ ቆሟል። መርፌው ተነሳ። ድልድዩን ስጨርስ ቀዩ ውስጥ ገብቷል። ጥግ የመያዝ ዕድል ነበረኝ፤ ሰው ጥግ ይዞ ሲቆም ዓይቻለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኛል። ሆቴሉ ሦስት ማይል ነው። «ሦስት ማይል ምን አላት» ብዬ ነዳሁ። መጀመሪያ የሚጣፍጥ፣ ስኳር ስኳር የሚል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ወጣ። ቀጥሎ ሞተሩ ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚመታ የመሰለ ድምፅ ተሰማኝና መኪናዋ ጉልበቷን አጥታ ቆመች።

በዚህ አላበቃም። ተናድጄ፣ አባቴ ሁልጊዜ የሚከለክለውን ክዳን በመሐረብ ይዤ ከፈትኩት። የፈላው ውሃ እስከ ክንዴ ድረስ ዘለለብኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ እጅጌዬን ስሰበስብ የሚያዩት ሰዎች የጦር ሜዳ ቁስል ይመስላቸዋል። የድንቁርና ቁስል ነው። ማታውን ሥራ አልገባሁም፤ በማግሥቱም ተባረርኩ።

መኪናዋን ጎትተው የወሰዷት ሌላ ጋራዥ ነው። በማግሥቱ ስሄድ ፈረንጁ መካኒክ «ሄድ ጋስኬት» አለኝ። አልገባኝም። ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳየኝ፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ወዲያው የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ ቴስታታ ጓርኒሲዮን! በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ተቃጥሎ ውሃው ከዘይቱ ጋር ተደባልቋል። ማሠሪያው 1,400 ዶላር ነው አለኝ። መኪናዋ ደህና ሳለች እንኳ ከዚያ ብዙም አትበልጥም ነበር።

አሁን ወደማፍርበት እመጣለሁ።

በዚያው እሑድ ዕቁብ ነበረን። ሃያ ሰዎች ሆነን በወር መቶ መቶ ዶላር እንጥላለን። እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ገባሁ። ምን ሆንክ ሲሉኝ፣ ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ ከመርኩት። «ያገሬ ሰው ነው ብዬ ሄጄ፣ ያልሆነ ዕቃ ገጥሞ ሞተሬን አቃጠለብኝ። ሥራዬንም አሳጣኝ» አልኩ። የጋራዡንም ቦታ ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። በዚያ ቀን ዕጣ የወጣላት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት የምትሠራ አንዲት እኅታችን ነበረች። ብድግ ብላ «እኔ መቆየት እችላለሁ፤ ዕጣዬን ለእሱ ለቅቄያለሁ» አለች። ሁለት ሺህ ዶላር ተቆጥሮ ተሰጠኝ።

ሰኞ ዕለት መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በ150 ዶላር ሸጥኳት። ዕቃዬን ላወጣ መሳቢያዋን ስከፍት ያ ወረቀት ወጣ። ያን ጊዜ አነበብኩት። በጥሩ እንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፤ «በደንበኛው ጥያቄ ቴርሞስታት ተቀየረ። ማራገቢያው እንዲመረመር ተመክሯል፤ ደንበኛው አልፈቀደም።» ከሥሩ የማን ፊርማ አለ? የእኔ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ፈረንጁ መካኒክ ዘወር አልኩ። እሱም አላንገራገረም፤ ከባትሪው ቀጥታ ሁለት ሽቦ ስቦ የማራገቢያውን ሞተር ነካካው። ማራገቢያው ንቅንቅ አላለም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ እንደሚገባው ተከፈተ። «አዲሱ ዕቃ ደህና ነው። መጀመሪያ የሞተው ማራገቢያው ነው። ሞተሩን የገደለው ግን ቀዩን እያየ የነዳው ሰው ነው» አለኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ የዚያኑ ዕለት ወጥቼ እውነቱን ተናገርኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። በዕቁቡ ገንዘብ ሌላ አሮጌ መኪና ገዝቼ አራት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከዕቁባችን ሦስት ሰዎች መኪናቸውን ከጋሼ ጋራዥ ማውጣታቸውን ሰማሁ። ቀጥሎ ጋሼ ሥራ ቀንሶባቸው ረዳታቸውን እንዳሰናበቱ ሰማሁ። ያ ልጅ እንደ እኔው ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዕቁባችንን ዳኛ፣ አዛውንቱን፣ ለምኜ አብረውኝ ጋራዡ ሄዱ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ወረቀቱን አወጣሁ። አላዩትም። «እኔ ካሣም ይቅርታም እዚህ አልፈልግም። የተናገርክበት ቦታ ሄደህ ተናገር» አሉ። በዚያ እሑድ ተነሥቼ ቆምኩና ወረቀቱን በአማርኛ እየተረጎምኩ ለሃያ ሰው አነበብኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕጣዋን ለለቀቀችልኝ እኅት «ገንዘብሽን አበድሬም ቢሆን እመልሳለሁ» ስላት፣ «እኔ የለቀቅኩልህ ስለተቸገርክ እንጂ ስለተበደልክ አይደለም። ችግርህ እውነት ነበር። ተቀመጥ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ከማንሣቴ በፊት ምላሴን ሁለት ጊዜ እነክሳለሁ።

በማግሥቱ ጋሼ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያችን አዲሲቱን መኪና ይዘህ ና። ይህችኛዋንም እንዳትገድላት» አሉኝ። ከዚህ በታች የማጫውታችሁ ያኔ ከእሳቸው የተማርኩትን፣ በኋላም በራሴ መኪኖች ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ያችን የናቅኳትን ጥያቄ መልሱ፤ መኪናችሁ ቆማ ነው ወይስ ስትሮጥ የምትሞቀው? ስትቆም ሞቃ ስትሮጥ የምትቀዘቅዝ ከሆነ፣ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያራግብለታል፣ ስትቆም ግን የሚያራግብለት ማራገቢያው ብቻ ነው። ስለዚህ ማራገቢያውን፣ ፊውዙንና ማብሪያውን ተጠራጠሩ። ቀላሉ ፈተና ኤሲውን መክፈት ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ማራገቢያውም ወዲያው ይነሣል። ካልተነሣ በሽታው ተገኘ። ነገር ግን እጃችሁን አታስጠጉ፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ድንገት ሊነሣ ይችላል።

በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ሃይዌይ ላይ ወይም ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ፣ የጎደለው ነፋስ ሳይሆን የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ተደፍኖ፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሞ፣ ወይም ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ ማለትም የራዲያተሩ ጎማ ረጥቦና ላልቶ ሞተሩ ሲፈጥን እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪኖች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የውስጠኛው የሞተር ቺንጋ ነው። ስለዚህ ያ ቺንጋ ሲቀየር ፓምፑም አብሮ ቢቀየር የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ተነሥታ ጥቂት ሳትሄድ ወዲያው የምትሞቅ ከሆነ ደግሞ የውሃ ማነስን ወይም ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። ቴርሞስታት በር ጠባቂ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዘጋበታል፤ ሙቀቱ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይከፍታል። በሩ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ይሆናል። «አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር ግን ዕዳ ነው፤ ያለ በር ጠባቂ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ በክረምትም ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋባችኋል።

መርፌው ወጥቶ ሳለ የጋቢናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ብዙውን ጊዜ ውሃው አልቋል ማለት ነው። መርፌው ከቀይ ድንገት ወደ ታች ቢወርድም አትደሰቱ። መለኪያው የሚለካው ውሃውን ነው፤ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ የሚለካው ነገር ያጣና ሊያታልላችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ውሃው የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ውሃ እንዲሁ አይጠፋም፤ ሦስት መንገድ አለው። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ሌሊቱን ካርቶን ከሥሯ አንጥፋችሁ ጠዋት ብታዩ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ጠብታ ታገኛላችሁ። ወይ ወደ ጋቢና ይገባል፤ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ይርሳል፣ መስታወቱ በዘይት የታሸ ይመስል ጭጋግ ይለብሳል፣ ያ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ይህ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ማፍሰሱ ነው። ወይ ደግሞ ከሁሉ የከፋው፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሞተሩ ሞቆም እያለ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ዘይቱ እንደ እኔው ማኪያቶ ይሆናል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል።

ይህንን በግምት መናገር አያስፈልግም። መካኒኮች ሁለት ርካሽ መሣሪያዎች አሏቸው። አንደኛው የእጅ ፓምፕ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ገጥመው አየር ይነፉበታል። ግፊቱ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሁለተኛው ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ነው፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሲያዝ ቀለሙ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ የመኪና ዕቃ መደብሮች መያዣ ገንዘብ አስይዘው የእጅ ፓምፑን ያውሳሉ። ምርመራ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሠላሳ ዶላር ነፍጌ ምን እንደከፈልኩ አይታችኋል።

ስለ ውሃ ከተነሣ፣ አባቴ የሚያውቀው ውሃ ብቻ ነበር፤ ብዙዎቻችንም ይህን ልማድ ይዘን መጥተናል። ለአስቸኳይ ጊዜ ውሃ ነውር አይደለም። ለዘወትር ግን አንቲፍሪዝና ንጹሕ ውሃ ግማሽ በግማሽ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ ዝገትም ይከላከላል። መፍላቱም ይዘገያል፤ ጤነኛ ክዳን በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ያህል ግፊት ሲይዝበት እስከ 129 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በዱባይና በሪያድ የምትኖሩ «አንቲፍሪዝ ለበረዶ አገር ነው» እንዳትሉ፤ ለሙቀቱ ከእኛ ይልቅ እናንተ ትፈልጉታላችሁ። አንድ አደራ ግን አለኝ። ፈሳሹ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው። ልጆችና ውሾች ይልሱታል። ጋራዥ ውስጥ በክፍት ዕቃ አታስቀምጡት፤ የፈሰሰውንም እጠቡ።

መንገድ ላይ ሙቀት ስትሠራባችሁ ኤሲውን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ታብሳላችሁ፤ ነገር ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ላይ ይቀንስለታል። ይህ ጥግ እስክትይዙ ድረስ ነው እንጂ ሥራ እስክትደርሱ አይደለም። ጥጉን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አትንኩ፤ ከዚያም በኋላ የላይኛው ጎማ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የዛሬዎቹ ሞተሮች ራስ አሉሚኒየም ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ቀይ ላይ ሊጣመም ይችላል።

የአሁን መኪኖች መለኪያም የሚያስተኛ ጠባይ አለው። በብዙዎቹ መርፌው መሐል ላይ ተቸክሎ ይቆይና ሲንቀሳቀስ ጊዜው አልፏል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ መርፌ የላቸውም፣ ቀይ መብራት ብቻ ናቸው። እዚህ አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ወዲህ የተሸጡ መኪኖች ሁሉ ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያ አላቸው። ርካሽ አንባቢ ገዝታችሁ ብትሰኩበት የውሃውን ሙቀት በቁጥር ያሳያችኋል።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ወጣት ልመለስ። ሰዎቹ ሲበተኑ ጠጋ ብዬ «ቆማ ነው ወይስ ስትሮጥ የምትሞቀው?» አልኩት። «በሁለቱም፤ ቀስ በቀስ ነው የጀመራት» አለኝ። መኪናዋ ግማሽ ቀን ቆማ ቀዝቅዛለች። የላይኛውን ጎማ ሳይ እንደ ረሃብተኛ ሆድ ተጨፍልቆ ጎድጉዷል። «ውሃውን የት ነው የምትጨምረው?» ስለው ከጎን ያለችውን የፕላስቲክ መያዣ አሳየኝ። እሷ እስከ አፏ ሞልታለች። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ብመለከት ግን የሚታይ ፈሳሽ የለም።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ክዳኑ ላይ አንዲት ትንሽ የመመለሻ በር አለች። ሞተሩ ሲሞቅ የተረፈው ፈሳሽ ወደ መያዣው ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ በዚያች በር ተስቦ ይመለሳል። በሯ ስለተጣበቀች የወጣው አይመለስም፤ ባዶው ራዲያተር ጎማውን እየሳበ ይጨፈልቀዋል። ልጁም በየጠዋቱ የሚጨምረው ውሃ ራዲያተሩ ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ ይቀር ነበር። ሃያ ዶላር ባልሞላ አዲስ ክዳን ገዛን። ቅዳሜ በእጅ ፓምፑ ፈትነን ሌላ ማፍሰሻ እንደሌለ አየን፤ ግማሽ በግማሽ አድርገን ሞላናት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ እንዳልጨመረ ነግሮኛል።

ልጁ ሊከፍለኝ ሲል እንቢ አልኩ። «እኔም ያኔ የተማርኩት በነፃ ነው። አንተ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ፤ መካኒክህ ወረቀት ሲሰጥህ ሳታነብ አትፈርም፤ ሳታነብም ሰው አትክሰስ» አልኩት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉልኝ። መርፌው ሲነሣ አቁሙ። ንዴታችሁም ሲነሣ አቁሙ። ያላቆመ በእግሩ ይሄዳል።

ቸር ይግጠመን።